ክሩ የተበጠሰው የት ላይ ነው?



ውድ አንባቢያን፣ «የዚህ ልጅ ጭንቅላት ሒሳብ አይቀበልም» የሚለውን አነጋገር ያልሰማ ወላጅ በመካከላችን ይኖራል ብለን አናምንም። አባት ይለዋል፣ እናት ትደግመዋለች፣ መምህሩም ሲሰለቸው ያጸድቀዋል። በመጨረሻ ልጁ ራሱ ያምነውና ደብተሩን አጥፎ ይቀመጣል።

በ2017 ዓ.ም. እኛ ቅዳሜና እሁድ በምናስተምርበት በአይከል ከተማ አንድ ሰው የወንድማቸውን ልጅ ይዘው ወደ መድረሳው ግቢ መጡ። ልጅቱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። አጎትየው የመጡት እንድናስተምራት አልነበረም፤ ሊያማክሩን ነበር። «ቁርኣኗን ጥሩ አድርጋ ትቀራለች። የዱንያው ትምህርት ግን አልሆነላትም። ሒሳብ ሁለት ዓመት በተከታታይ ጣለች። ቤት ውላ እናቷን ብታግዝ አይሻልም ወይ?» አሉን። ልጅቱ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። እኛም መልስ ከመስጠታችን በፊት አንድ ነገር ለመንናቸው፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከእርሷ ጋር እንድንቀመጥ።

ወረቀትና እርሳስ ሰጠናት። የመጀመሪያው ጥያቄ 52 ሲቀነስ 37 ነበር። «25» ብላ ጻፈች። ቀይ እስክሪብቶ አላነሳንም። «እንዴት አድርገሽ እንዳገኘሽው ድምፅሽን አሰምተሽ ንገሪን» አልናት። ዝም አለች። ጥቂት ቆይታ «ከ7 ላይ 2 ሲቀነስ 5፣ ከ5 ላይ 3 ሲቀነስ 2» አለች። ሌላ ሰጠናት፤ 81 ሲቀነስ 46። «45» አለች። አሁንም በዚያው መንገድ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ይህች ልጅ በግምት አልሠራችም። ሕግ አላት፤ ሁልጊዜ ከትልቁ አኃዝ ትንሹን ትቀንሳለች። ሕጉ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ጸንታ ትከተለዋለች። ከአስር ቤት ተበድሮ ወደ አንድ ቤት ማምጣት የሚባለው ነገር አምልጧታል። መቼ አመለጣት? ሁለተኛ ክፍል ሳለች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ተመልሳ ስትገባ ሦስተኛ ክፍል ናት ተባለች፤ ትምህርቱ እንደተማረች ቆጥሮ ቀጠለ። አሁን ሰባተኛ ክፍል ላይ የማይታወቀውን ቁጥር ፈልጊ ትባላለች። የጥያቄውን አካሄድ ትይዛለች፤ መጨረሻ ላይ መቀነስ ሲመጣ መልሱ ይበላሻል። መምህሩ የሚያየው የተበላሸውን መልስ ብቻ ነው። አጎቷ የሚያዩት ደግሞ በካርዱ ላይ ያለውን ውጤት ነው። ክሩ የተበጠሰው ግን ከአምስት ዓመት ገደማ በፊት ነበር።

በበለጸጉት አገሮች ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ባለሙያ ይመደባል። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ ላይ ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች ብቻ የሚይዝ መምህር አለ። ይህ ሰው የክፍሉን ትምህርት አይደግምም፤ የቤት ሥራም አይሠራላቸውም። ሥራው ከሐኪም ሥራ ጋር ይመሳሰላል። አስቀድሞ በሽታው የት እንዳለ ይመረምራል፣ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ልጆችን በአንድነት ይዞ በሳምንት ጥቂት ቀን ለአጭር ጊዜ ያስተምራል፣ በየጊዜው ለውጡን ይመዘግባል፣ ልጁ ሲድን ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። በአውስትራሊያ ሮበርት ራይት የተባሉ ምሁር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ይህንኑ ገና አንደኛ ክፍል ላሉ ልጆች አዘጋጅተው ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛምቷል። ገና በአንደኛ ክፍል መሆኑን ልብ ይሏል!

«እነርሱ ሀብታም ናቸው፣ ለእኛ ምን ይሆነናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲያውስ ሕንድን እንመልከት። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በሙምባይ የድሆች መንደሮች ሥራ የጀመረው ፕራታም የተባለ ድርጅት ያደረገው ነገር ቀላል ነው። በቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት የክፍል ደረጃን ትቶ ልጆችን በሚያውቁት ልክ መደባቸው። አምስተኛ ክፍል ሆኖ መቀነስ የማይችለው ከሦስተኛ ክፍሉ ጋር ተቀመጠ፤ የሚችለው ወደ ማካፈል አለፈ። ከሚያስተምሩት ብዙዎቹ ከዚያው ከመንደሩ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ይህን ሥራ ለዓመታት ሲመዝኑ ከነበሩት ተመራማሪዎች መካከል አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ በ2019 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ናቸው።

የአገራችንን ሁኔታ ስናይ ግን ማካካሻው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተቀምጠው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መንግሥትም ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ከፍቷል። መልካም ነው። ይሁን እንጂ በስምንት ዓመቱ የተበጠሰውን ክር በአሥራ ስምንት ዓመቱ ለመቀጠል በጥቂት ወራት ውስጥ ምን ያህል ይቻላል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ተግባራዊ ሲሆን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ እንዲያልፉ ተደረገ። ልጅ ገና በጠዋቱ እንዳይሰበር ታስቦ የተደረገ ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ያለፈውን ልጅ ተከትሎ የጎደለውን የሚሞላለት ሰው አልተመደበም። መመሪያው በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይላል፤ ከዚያ በላይ የታጨቁ ክፍሎችን ሁላችንም እናውቃለን። መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ «እንዴት አድርገህ አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቅ ቢባል ጊዜውን ከየት ያመጣዋል? በእኛ አካባቢማ በ2011 ዓ.ም. በነበረው ግጭት ስንቱ ቤተሰብ ተፈናቀለ! ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ደግሞ ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ! ይህ ሁሉ በልጆቻችን ደብተር ውስጥ ባዶ ገጽ ሆኖ ተቀምጧል።

ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ጉዳይ እኛን የሚያስገርመን አንድ ነገር አለ። ፈረንጆቹ በብዙ ምርምር የደረሱበት አሠራር በቁርኣን ቤቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያለ መሆኑ ነው። ወደ አንድ ቁርኣን ቤት ግቡ። አርባ ልጅ አርባ ሉህ ይዞ ይጮሃል። አንዱ አሊፍ ባ ላይ ነው፣ ሌላው ጁዝእ ዐምማን ይዟል፣ ወዲያ ጥግ ያለው ሊያኸትም ጥቂት ቀርቶታል። ሁሉም በየተራው ሸሁ ፊት ይቀመጣል። የትናንቱን ካላስተካከለ የዛሬው አይጻፍለትም። እድሜው ስንት ነው የሚል የለም፤ የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ከሰባት ዓመት ሕፃን ጋር ቁጭ ብሎ አሊፍ ባ ቢቆጥር አያፍርም። ቀደም ያለው ደረሳ ኋላ ላለው ያስቀራል። «ያ ልጅ ቁርኣን አይገባውም» ተብሎ ሲባረር አይተን አናውቅም፤ የት ቦታ እንደሚስት ሸሁ ያውቃሉና እዚያው ላይ ይመልሱታል። ታዲያ በቁርኣን ያደረግነውን በሒሳብ ማድረግ ለምን አቃተን?

እውነቱን ለመናገር እኛም ስንጀምር ይህን ዘንግተን ነበር። መጀመሪያ ላይ የመድረሳውን ትልቁን ክፍል ከፍተን፣ አርባ የሚሆኑ ልጆችን ሰብስበን፣ ጥቁር ሰሌዳ አቁመን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስናስረዳ እንውል ነበር። ፊት ያሉት ስድስት ሰባት ልጆች ይመልሳሉ፤ እኛም ደስ ይለናል። ሁለት ወር ቆይተን ስንፈትናቸው ፊት ያሉት እነዚያው ጎበዞች ጎበዝ ሆነው፣ ኋላ ያሉትም እንደነበሩ ሆነው አገኘናቸው። ለካ በትምህርት ቤት ያለውን ክፍል ወስደን ቅዳሜ ላይ ደግመነው ኖሯል! ከመካከላችን አንድ አዛውንት፣ የቀድሞ መምህር የነበሩ፣ «እናንተ የምታስተምሩት የሚያውቁትን ነው» ብለው ገሠጹን። ከዚያ በኋላ ነው እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስቀምጠን ማዳመጥ የጀመርነው።

ስናዳምጥ ያገኘነው ብዙ ነው። ሦስት መቶ አራትን ሲጽፍ 3004 የሚል ልጅ አለ፤ የሰማውን እንደሰማው አስቀመጠ እንጂ የመቶ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የአንድ ቤት ምን እንደሆነ ማንም አላሳየውም። አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደመር ሁለት አምስተኛ የምትል አለች፤ ላዕሉን ከላዕል ታህቱን ከታህት ደመረች። 0.15 ከ0.7 ይበልጣል የሚል አለ፤ አሥራ አምስት ከሰባት ይበልጣላ! ሌላው ደግሞ የማባዣ ሰንጠረዡን እንደ ውዳሴ በዜማ ይወርደዋል፣ ከመካከል «ስድስት ጊዜ ስምንት?» ሲሉት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ካልወረደ አይደርስበትም። የአማርኛ ቋንቋችን በአንድ በኩል ያግዘናል። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ስንል አስሩና አንዱ በግልጽ ይሰማሉ። በሌላ በኩል ግን ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይሆንና ሒሳብ የገባው ልጅ በቃሉ ምክንያት ይጠፋል። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። በአይከል ገበያ ሽንኩርትና እንቁላል የሚሸጥ አንድ ልጅ አለን። አንዱን እንቁላል አሥራ ሁለት ብር ሸጠሃል እንበል፣ ገዢው ሰባት ወስዶ መቶ ብር ቢሰጥህ ምን ትመልሳለህ ስንለው ዓይኑን ሳያሽ «አሥራ ስድስት» ይላል። 12 ጊዜ 7 ብለን በወረቀት ስንሰጠው ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። በብራዚል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በመንገድ ላይ የሚነግዱ ልጆችን ያጠኑ ምሁራንም ያገኙት ይህንኑ ነበር፤ በገበያ የሚሠሩት ሒሳብ በወረቀት ሲመጣ ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ለዚህ ልጅ ሒሳብ አናስተምረውም፤ ያለውን ሒሳብ ወደ ወረቀት የሚያሻግርበትን ድልድይ እንሠራለታለን። እንቁላሉን በጠጠር፣ ጠጠሩን በጭረት፣ ጭረቱን በቁጥር እያደረግን።

ወደዚያች ልጅ እንመለስ። ከወይራ ጭራሮ አስር አስሩን በክር እያሰርን 52 ሰጠናት፤ አምስት እስርና ሁለት ነጠላ። «37 ስጪን» አልናት። ሦስት እስር ሰጠችን። ሰባት ነጠላ ስንላት እጇ ላይ ያለው ሁለት ብቻ ነው። ተመለከተችን። እኛም ዝም አልን። ከዚያ አንዱን እስር ፈታችው። የቀራትን ስትቆጥር አሥራ አምስት ሆነ። ወረቀቱ ላይ የጻፈችውን 25 አየች፣ ጭራሮውን አየች፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመግለጽ ቃል ያጥረናል። አጎትየው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። «እስከ ረመዳን እያት ዘንድ ተዉልን» አልናቸው። ፈቀዱ።

በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአርባ ደቂቃ ያህል ከሦስት ልጆች ጋር ተቀመጠች። መቀነሱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ማካፈሉ ከዚያ በላይ። ክፍልፋይ ላይ ስንደርስ ግን ጭራሮውን ትተን ሌላ መንገድ ያዝን፤ እርሱም ፈራኢድ ነው።

እዚህ ላይ «ሒሳብ የዱንያ ትምህርት ነው» ለሚሉት ወገኖቻችን አንድ ቃል እንበል። አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አልኽዋሪዝሚ በኸሊፋው አልመእሙን ዘመን፣ በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በባግዳድ ከጻፉት ኪታብ ነው። ኪታቡ በ1145 እ.ኤ.አ. ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ገባ። እኚህ ዓሊም ኪታቡን ያዘጋጁት ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በንግድና በመሬት ልኬት ስለሚያስፈልጋቸው መሆኑን በመግቢያው ገልጸዋል፤ ከኪታቡም ሰፊው ክፍል የኑዛዜና የውርስ ስሌት ነው። ዘካንም እንውሰድ። በዝናብ ያመረተ ገበሬ ምርቱ ከኒሳብ ሲደርስ፣ ማለትም በብዙኃኑ ዑለማዎች ዘንድ አምስት ወስቅ፣ በዛሬው ልክ ወደ 653 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ አንድ አስረኛ ያወጣል። በመስኖ የደከመበት ከሆነ አንድ ሃያኛ። የጭልጋ ገበሬ 18 ኩንታል ማሽላ ቢያገባ 180 ኪሎው የድሆች ሐቅ ነው። ክፍልፋይ የማያውቅ ሰው ይህን ሐቅ በምን ያውቃል? ቀደም ባለው ዘመንም ከጎንደር አዲስ ዓለም ተነስተው በጭልጋ በኩል ወደ መተማና ወደ ሱዳን ይነግዱ የነበሩት አባቶቻችን አሞሌውን በብር፣ ብሩን በሸቀጥ ሲለውጡ በቃላቸው ያሰሉ ነበር።

የሚራስ ስሌት ደግሞ ከዚህም ይረቃል። ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ አንድ ሦስተኛ፣ አንድ ስድስተኛ፤ በአል-ኒሳእ ምዕራፍ የተደነገጉት ድርሻዎች እነዚህ ናቸው። አንድ ሰው ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ እናትና አባት ትቶ ቢሞት ስምንተኛው፣ ሁለት ሦስተኛውና ሁለቱ ስድስተኞች ሲደመሩ 27 ሃያ አራተኛ ይሆናሉ፤ ከሙሉው ይበልጣል። ይህ ጥያቄ ለዓሊ (ረ.ዐ.) ሚንበር ላይ ሳሉ ቀርቦላቸው የሚስቲቱ ስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ዞሯል ብለው ወዲያው መመለሳቸው ይነገራል። ታህቱ ከ24 ወደ 27 ሲወጣ ሦስት ሃያ ሰባተኛ አንድ ዘጠነኛ ነውና። ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው የታህት ትርጉም የገባቸው ብዙዎች ናቸው።

ለእነዚያ ሦስት ልጆች ግን ቀለል ያለውን ሰጠናቸው። «አንድ ሰው ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴት ልጆች ትቶ ሞተ። ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ የቀረው 128 ሺህ ብር ነው።» ለሚስት ስምንተኛው 16 ሺህ። የቀረው 112 ሺህ ለአራት ይከፈላል፣ ወንዱ ሁለት እጅ፣ ሴቶቹ አንድ አንድ እጅ። ለወንዱ 56 ሺህ፣ ለእያንዳንዷ ሴት 28 ሺህ። ልጅቱ ከሁሉም ቀድማ ጨረሰች። ደምራም 128 መሆኑን አረጋገጠች፤ ይህን እኛ አላዘዝናትም። ከዚያ እርሳሷን አስቀምጣ፣

«ኡስታዝ፣ ይህ ለእናቴም ይሠራል?» አለች።

«አዎን ልጄ፣ ለሁሉም ይሠራል።»

«እኛም አንድ ወንድምና ሁለት እህትማማቾች ነን።»

ሌላ አልተናገረችም። እኛ ግን የአባቷ ሱቅና ከብት ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይከፈል በአጎት እጅ መቆየቱን ያወቅነው ያን ቀን ነው። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ቤቱን የሚያስተዳድሩት፣ የልጆቹን ልብስ የሚገዙት እርሳቸው ናቸው። «በአንድ ላይ ቢቆይ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ በአካባቢያችን የተለመደ ነው፤ መልካም መስሏቸው የሚያደርጉት ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የየቲም ሐቅ ከባድ አማና ነው። ጉዳዩን ለመስጂዱ ሸህ አቀረብነው። ሸሁ አጎትየውን ጠርተው ስለ ልጅቱ አላነሱባቸውም፤ «ና እስቲ፣ የወንድምህን ሒሳብ አብረን እንየው» ብቻ አሉአቸው። ሁለት ጊዜ ተቀምጠዋል። ከብቱ ተቆጥሯል። የሱቁ ዕቃ ግምት ላይ ገና አልተስማሙም።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ካርዱን ይዞ ሲመጣ ውጤቱን አይታችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ቀላል የመቀነስ ጥያቄ ስጡትና እንዴት እንደሠራው ያስረዳችሁ። ባትማሩም አድምጡት፤ ሲያስረዳ የሚሰናከልበት ቦታ ላልተማረም ጆሮ ይሰማል። ወጣቶችም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳችሁ ውጤት ስትጠባበቁ ከተቀመጣችሁ በየሰፈራችሁ ሦስት ሦስት ልጅ ያዙ። ሰሌዳ አያስፈልግም። ጭራሮና ክር ይበቃል።

ልጅቱ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ የክልሉ ፈተና ይጠብቃታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ናት። ከሦስተኛ ክፍል የመጡ ሁለት ሕፃናትን ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ «እንዴት አድርገሽ አገኘሽው?» ስትል ይሰማናል። በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ የሒሳብ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ሲዞሩ ስለሚያስቸግሯቸው ልጆች እንጽፋለን።